ማጉያው ረዳ ወይስ ሸወደ? የአጭር ሞገድ አንቴና ማጉያዎችን የማወዳደር መመሪያ

መጀመሪያ የገዛሁት የአንቴና ማጉያ ላይ በትልቁ "30 ዲቢ" የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ዲቢ (ዴሲቤል) አንድ ሲግናል ከሌላው ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚለካበት ነው። ስሰካው የሬዲዮዬ የሲግናል መለኪያ እስከ ጥግ ተስፈነጠረ። ባንዱ ሁሉ በጣቢያ ተሞላ። ሦስት ቀን ያህል ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን የስርጭት ሰሌዳ አውጥቼ ሳመሳክር ግን ከአዳዲሶቹ ጣቢያዎች ግማሾቹ እዚያ ቦታ ላይ የሚያሰራጩ አልነበሩም። ማጉያው ራሱ የፈበረካቸው ናቸው። ስንት ቀን የታገልኩለት ደካማ ጣቢያዬ ደግሞ ከጫጫታው ጋር አብሮ ጮኸ እንጂ አልጠራም።

ከዚያ ወዲህ "የትኛው በጣም ያጎላል?" ማለት ትቻለሁ። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ጣቢያውን ከጫጫታው የበለጠ የሚለይልኝ የትኛው ነው? ሲመሽ፣ ኃይለኞቹ ጣቢያዎች ሲገቡስ ሳይዘባርቅ የሚቆየው የትኛው ነው? ከዚህ በታች ያለው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ቤት ውስጥ፣ ውድ መሣሪያ ሳይኖር የምመልስበት መንገድ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ማጉያ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አጣሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ይበዛል። እኔም ዘልዬው ነው ገንዘቤን ያቃጠልኩት።

በአጭር ሞገድ ላይ የምትሰሙት የሚንሿሿ ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከሬዲዮው አይደለም የሚመጣው። ከውጭ በአንቴናው በኩል የሚገባ ነው። ከፊሉ ከሩቅ አገር መብረቅ ይመጣል። ከፊሉ ከጎረቤት ቻርጀርና ከኤልኢዲ አምፖል፣ ጥቂቱ ደግሞ ከህዋ። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መለኪያ እንደሚያሳየው በ10 ሜጋኸርዝ ላይ ከተማ ውስጥ ሰው ሠራሹ ጫጫታ ብቻውን በሙቀት ብቻ ከሚፈጠረው ዝቅተኛው ጫጫታ በ49 ዲቢ ገደማ ይበልጣል። ጸጥ ባለ ገጠር እንኳ 25 ዲቢ ገደማ ነው። ደህና ሬዲዮ በራሱ የሚጨምረው ጫጫታ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ማጉያ ብትጨምሩ ጣቢያውንም ጫጫታውንም እኩል ያሳድጋል። መካከላቸው ያለው ርቀት ንቅንቅ አይልም።

ሙከራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጣቢያ የሌለበት ባዶ ቦታ ፈልጉ። ሬዲዮው ድምፁን በራሱ የሚያመጣጥንበትን ኤጂሲ ማጥፋት ከተቻለ አጥፉት። ቮልዩሙን አትንኩ። አሁን የአንቴናውን ገመድ ንቀሉ።

ጫጫታው በግልጽ ከወረደ ሬዲዮው የውጭውን ጫጫታ በደንብ እየሰማ ነው። ማጉያ አይጨምርለትም፤ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የሚወስደው። ሲነቀልና ሲሰካ ለውጥ ከሌለ ግን ሬዲዮው ውጭውን አልሰማም፣ የሚሰማው የራሱን ጫጫታ ነው። ማጉያ ሥራ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ሙከራውን በ6፣ በ12 እና ከ20 ሜጋኸርዝ በላይ ባለ ቦታ ደጋግሙት። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር የውጭው ጫጫታ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ቅንብር በ6 ሜጋኸርዝ ማጉያ የማያስፈልገው ሆኖ በ21 ሊያስፈልገው ይችላል። ደግሞም ውጭው ጸጥ የሚልበትን ሰዓት ምረጡ። በጫጫታ ሰዓት የተደረገ ሙከራ ሁልጊዜ "አያስፈልግም" ነው የሚላችሁ።

ከልምድ የምለው፦ 20 ሜትር ሽቦ ዘርግቶ ማጉያ የሚፈልግ ሰው ብዙ አይገጥመኝም። ማጉያ በእርግጥ የሚጠቅመው ትንሽ የክብ አንቴና ላለው፣ አጭር ዘንግ ለሚጠቀም፣ ወይም ከመሬት ብዙም ሳይርቅ የሚዘረጋውን ረጅም የቤቨሬጅ ሽቦ ለሞከረ ነው። እነዚህ የሚሰጡት ሲግናል በጣም ትንሽ ነው። አንዱን አንቴና ለሁለት ሬዲዮ የምታካፍሉ ከሆነም አካፋዩ ቢያንስ 3 ዲቢ ይወስዳል፤ እሱን ለማካካስ ያህል ያገለግላል።

ደረጃ 2፦ ወረቀቱን አንብቡ፣ ግን በጥርጣሬ

ማጉያዎቹን ከመሰካታችሁ በፊት የአምራቹን ቁጥሮች ጎን ለጎን ጻፉ። ሻጭ በትልቁ የሚጽፈው ቁጥር ለእናንተ ትልቁ ቁጥር ላይሆን ይችላል።

የማጉላት መጠን፦ ለአጭር ሞገድ ከ10 እስከ 20 ዲቢ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ለጥቂት በጣም ደካማ አንቴናዎች ነው።

የራሱ ጫጫታ፦ 5 ዲቢም ቢሆን ለአብዛኛው አጭር ሞገድ ምንም አይልም፤ ከላይ የጠቀስኩትን 25 እና 49 አስታውሱ። 0.6 ዲቢ ብሎ የሚመካ ርካሽ ሰሌዳ ብዙ ጊዜ የተሠራው ለሌላ ዓለም ነው። በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ የሚገኘው ኤስፒኤፍ 5189 ዜድ የሚባለው ቺፕ ለምሳሌ፣ አምራቹ የሚናገርለት ከ50 ሜጋኸርዝ ጀምሮ ነው። አጭር ሞገድ የሚያልቀው 30 ላይ ነው። ከ50 በታች ምን እንደሚሠራ ማንም ቃል አልገባላችሁም።

ትልቁ ጉዳይ ጥንካሬው ነው። ኃይለኛ ሲግናል ሲገባበት ሳይጣመም የሚሸከምበት አቅም ማለቴ ነው። በወረቀት ላይ አይፒ 2 እና አይፒ 3 ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱንም በምሳሌ ላሳያችሁ።

አይፒ 3 ደካማ የሆነ ማጉያ ሁለት ጎረቤታም ጣቢያዎችን ይዞ ከጎናቸው ሐሰተኛ ይወልዳል። በ9.5 እና በ9.7 ሜጋኸርዝ ሁለት ኃይለኛ ጣቢያዎች ካሉ በ9.3 እና በ9.9 ላይ የሌለ ነገር ትሰማላችሁ። አይፒ 2 ደካማ ከሆነ ደግሞ ሁለት የተራራቁ ጣቢያዎችን ይደምራል። በ6.0 እና በ9.6 ያሉት ተደምረው በ15.6 ይወጣሉ። የ49 ሜትር ባንድና የ31 ሜትር ባንድ ሲደመሩ ልክ የ19 ሜትር ባንድ ላይ ነው የሚያርፉት። ሁሉንም ባንድ በአንድ ጊዜ ለሚያስገባ ሰፊ ማጉያ ይህ ከአይፒ 3 በላይ ራስ ምታት ነው። ግን አይፒ 2ን ጨርሶ የማይጽፍ አምራች ብዙ ነው። ካልጻፈ እኔ ዝቅተኛ ነው ብዬ እይዘዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አይፒ 3 በመግቢያ ወይም በመውጫ ሊለካ ይችላል። የመውጫው ከመግቢያው በማጉላት መጠኑ ያህል ይበልጣል፤ ሻጭ የሚጽፈውም የሚበልጠውን ነው። አንዱ ማጉያ የመውጫ አይፒ 3 ፕላስ 40 ዲቢኤም (ከአንድ ሚሊዋት ጋር ተነጻጽሮ በዲቢ የሚጻፍ ኃይል)፣ ማጉላቱ 20 ዲቢ ነው እንበል። ሌላው ፕላስ 36፣ ማጉላቱ 10 ነው። ወረቀቱን ብቻ ካያችሁ የመጀመሪያው ያሸነፈ ይመስላል። ማጉላቱን ቀንሱ፦ የመጀመሪያው መግቢያ ላይ ፕላስ 20፣ ሁለተኛው ፕላስ 26። ከአንቴናው የሚመጣውን ጫና የሚሸከመው ሁለተኛው ነው። ሁልጊዜ በመግቢያ አወዳድሩ።

የሚወስደውን ኤሌክትሪክ ማየትም አይከፋም። ጠንካራ ማጉያ ብዙውን ጊዜ ብዙ ይበላል፤ ሲነኩት ይሞቃል። ሁለት ትራንዚስተር በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሠሩበት፣ ፑሽ ፑል የሚባለው አሠራር ደግሞ የአይፒ 2ን ችግር በእጅጉ ይቀንሳል።

በአንድ ባንድ ላይ ብቻ የሚቃኝ ማጉያ ካላችሁ ከሰፊው ጋር እኩል አትመዝኑት። እሱ ሌላውን ባንድ በር ላይ ስለሚመልስ ደካማ ትራንዚስተር ቢኖረውም ይተርፋል። ዋጋው ድካም ነው፦ ፍሪኩዌንሲ በቀየራችሁ ቁጥር እሱንም መቃኘት አለባችሁ።

ደረጃ 3፦ መድረኩን አዘጋጁ

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ማጉያዎቹን የሚያቀያይር ስዊች፣ ሲግናሉን በእርምጃ የሚቀንስ አቴኑዌተር፣ እኩል ርዝመት ያላቸው ገመዶች፣ ባትሪ፣ ደብተር።

ባትሪ ያልኩት በምክንያት ነው። የማጉያው ቻርጀር ራሱ የጫጫታ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ጥፋቱ የቻርጀሩ ሆኖ ማጉያውን ትኮንኑታላችሁ። ሁሉንም በአንድ ባትሪ ፈትኑ፣ ቻርጀሩን በኋላ ለብቻው ሞክሩት።

ማጉያው ኃይሉን በአንቴናው ገመድ በኩል የሚያገኝ ከሆነ ስዊቹን ከመቀየራችሁ በፊት ኃይሉን አጥፉ። ያ ቮልቴጅ ወደ ሬዲዮው መግቢያ ወይም እርስ በርሱ ወደተገናኘ የአንቴና ጫፍ ከሄደ አንድ ነገር ይቃጠላል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ንጽህና ፈትሹ። በአንቴናው ፋንታ 50 ኦም መዝጊያ (መግቢያውን የሚዘጋ ትንሽ ባለ ሬዚስተር መሰኪያ) ማጉያው መግቢያ ላይ ግጠሙና ባንዱን ከታች እስከ ላይ ቃኙ። ጸጥ ያለና ወጥ መሆን አለበት። የሚያፏጭ ነገር ካለ፣ ወይም ገመዱን ስትነኩ ጫጫታው ከዘለለ ማጉያው ራሱ እየተርገበገበ ነው። እንዲህ ያለውን ከውድድሩ አውጡት።

ደረጃ 4፦ እኩል አድርጓቸው

የሁሉም ቁልፍ ይህ ነው። የሰው ጆሮ ከፍ ብሎ የሚሰማውን "የተሻለ" ይለዋል። ልዩነቱ ትንሽ ቢሆንም ይሸወዳል። ስለዚህ ማጉያዎቹ ወደ ሬዲዮው የሚልኩት መጠን እኩል እስኪሆን ድረስ ውድድር የለም።

ማጉያ "ሀ" 20 ዲቢ፣ ማጉያ "ለ" 11 ዲቢ የሚያጎሉ ከሆነ ከሀ በኋላ 9 ዲቢ አቴኑዌተር አስገቡ። ከእሱ በኋላ፣ በፊት አይደለም። በፊት ካስገባችሁት የሀን የራሱን ጫጫታ በ9 ዲቢ አባባሳችሁ ማለት ነው፤ ያኔ ፍርዱ ይዛባል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። አንድ የማይዋዥቅ ኃይለኛ ጣቢያ ፈልጉ፣ እያቀያየራችሁ መለኪያው እኩል እስኪያነብ አስተካክሉ።

አሁን አንድ የሚዘነጋ ነገር። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሁልጊዜ "ያለ ማጉያ" መሆን አለበት። እሱን ለማስተካከል ግን ማጉያዎቹን በሙሉ በአቴኑዌተር ወደ እሱ ደረጃ አታውርዱ። 20 ዲቢ አጉልታችሁ 20 ዲቢ ከቀነሳችሁ ማጉያው ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም በገዛ እጃችሁ ሰረዛችሁት። ከ"ያለ ማጉያ" ጋር ስታወዳድሩ ኤጂሲውን አጥፉና በቮልዩም እኩል አድርጉ፤ ወይም ጆሮን ትታችሁ በቁጥር ሥሩ።

ደረጃ 5፦ ብልጫውን ለኩ

የምንፈልገው ቁጥር ጣቢያው ከጫጫታው በስንት ዲቢ ይበልጣል የሚለው ነው። "ብልጫ" እንበለው።

ደካማ ግን የሚሰማ ጣቢያ ምረጡ። መለኪያውን አንብቡ። ከዚያ ወደ ጎን ወዳለ ባዶ ቦታ ሂዱና ጫጫታውን አንብቡ። ልዩነቱ ብልጫው ነው። ኤስዲአር (በኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ሬዲዮ) ካላችሁ ሁለቱንም በአንድ ስክሪን ላይ ታያላችሁ፣ ሥራው ቀላል ነው። አንዳንድ የኪስ ሬዲዮኖች፣ ቴክሰን ከሚሠራቸው ጥቂቶቹን ጨምሮ፣ ይህንኑ ቁጥር በቀጥታ ያሳያሉ። የድሮው የኤስ መለኪያ ላይ ግን አትደገፉ። በደንቡ አንድ ኤስ 6 ዲቢ፣ ኤስ 9 ደግሞ ማይነስ 73 ዲቢኤም መሆን ነበረበት። በተግባር ብዙዎቹ ደንቡን አያውቁትም።

ለመለኪያ የሰዓት ጣቢያዎች፣ ማለትም ትክክለኛ ሰዓት የሚያስተላልፉት፣ ምቹ ናቸው። የአሜሪካው ደብሊው ደብሊው ቪ በ5፣ በ10 እና በ15 ሜጋኸርዝ አለ። የቻይናው ቢፒኤምም እነዚሁ ላይ ስላለ ሁለቱ ተደራርበው እንዳያደናግሯችሁ። የሩሲያው አርደብሊውኤም በ4.996፣ በ9.996 እና በ14.996 ከእነሱ ገለል ብሎ ይገኛል።

ትልቁ ጠላት የአጭር ሞገድ መዋዠቅ ነው። ሀን ለክታችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ለን ብትለኩ የለካችሁት ሰማዩን እንጂ ማጉያውን አይደለም። በየ10 ሴኮንዱ እያቀያየራችሁ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ቢያንስ አሥር ጊዜ ጻፉ፣ አማካዩን ውሰዱ። ስዊቹን ሌላ ሰው ይያዝላችሁ፤ የትኛው እንደሆነ አይንገራችሁ። እኔ ይህን ስሞክር የምመካበት ማጉያ "ያለ ማጉያ" ከሚለው አንሶ ተገኘ። ስዊቹን የያዘው ወንድሜ እስከ ዛሬ ያነሳብኛል።

በአማካይ የ1 ዲቢ ልዩነት ካገኛችሁ እኩል ናቸው በሉ። 3 ዲቢ ካለፈ ልብ በሉት።

ደረጃ 6፦ ማታ ፈትኗቸው

ቀን ላይ ሁሉም ማጉያ ጨዋ ነው። ሲመሽ የ49፣ የ41 እና የ31 ሜትር ባንዶች በኃይለኛ ጣቢያዎች ይሞላሉ። የማጉያው ጠባይ የሚታየው ያኔ ነው።

ባዶ መሆን ያለባቸውን ቦታዎች ቃኙ። ሁለት ፕሮግራም ተደባልቆ የሚሰማበት፣ ወይም ድምፁ የተቆራረጠ ጣቢያ ስታገኙ ፍሪኩዌንሲውን ጻፉ። ከዚያ 10 ዲቢ አቴኑዌተር ከማጉያው በፊት አስገቡ። እውነተኛ ጣቢያ በ10 ዲቢ ይወርዳል። በድምር የተወለደ ሐሰተኛ በ20 ይወርዳል። ከጎረቤታሞች የተወለደው በ30 ይወርዳል፣ ማለትም ብን ብሎ ይጠፋል።

ጥፋቱ ግን የማጉያው ነው ወይስ የሬዲዮው? አቴኑዌተሩን አሁን በማጉያውና በሬዲዮው መካከል አድርጉት። ሐሰተኛው በ10 ብቻ ከወረደ ከማጉያው ተሠርቶ የመጣ ነው። በ20 ወይም በ30 ከወረደ የሚፈበርከው ሬዲዮው ነው፤ ማጉያው ከአቅሙ በላይ አጉርሶታል ማለት ነው። ያኔ ማጉያ መለወጥ ሳይሆን ማጉላቱን መቀነስ ነው መድኃኒቱ። ረጅም ሽቦ የተሰካበት የኪስ ሬዲዮ ላይ ይህ የተለመደ ነው። በ8 ቢት በሚሠሩ ርካሽ ኤስዲአሮችም እንዲሁ፦ አንድ ቢት በግምት 6 ዲቢ ስለሚሰጥ በጠንካራውና በደካማው መካከል የሚችሉት 50 ዲቢ ያህል ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ማጉያ የሐሰተኞቹን ብዛት ቁጠሩ። ሦስት ማታ ብትደጋግሙት ጥሩ ነው። የእኔ ባለ 30 ዲቢ በአንድ ምሽት አሥራ አንድ አስቆጥሯል።

ቅርብ የመካከለኛ ሞገድ ወይም የኤፍኤም ማሰራጫ ካለባችሁ ከፍርዱ በፊት አንድ ዕድል ስጧቸው። ከማጉያው በፊት ከ1.7 ሜጋኸርዝ በታች የሚያግድ ማጣሪያ፣ ወይም ከ88 እስከ 108 የሚዘጋ ማጣሪያ አስገብታችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ። ሊጣል የነበረ ማጉያ በአንድ ማጣሪያ ሲድን አይቻለሁ።

ደረጃ 7፦ ያሸነፈውን አስቀምጡ

ከአንቴናው ሥር መሰቀል አለበት የሚባለው ነገር ከቴሌቪዥንና ከሳተላይት የመጣ ልማድ ነው። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በ10 ሜጋኸርዝ 100 ሜትር ላይ የሚበላው 5 ዲቢ ገደማ ነው። 30 ሜትር ከሆነ 1.5 ዲቢ። በአጭር ሞገድ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ማጉያው ከሬዲዮው ጎን ቢቀመጥ ለእጅም ለጥገናም ይመቻል። ከዚህ የሚወጡት ትንንሽ ክብና ዘንግ አንቴናዎች ናቸው። እነሱ ብዙውን ጊዜ ማጉያቸው እላያቸው ላይ ካልሆነ በደንብ አይሠሩም።

ከቦታው ይልቅ የኬብሉ የውጭ ሽፋን ያሳስባችሁ። የቤቱን ጫጫታ በዚያ በኩል እየሳበ ወደ አንቴናው ያደርሳል፣ ማጉያው ደግሞ ያጎላዋል። ይህን ለመግታት ኬብሉን 31 በሚባለው ዓይነት የፌራይት (ማግኔታዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ አሥር አሥራ ሁለት ጊዜ ጠቅልሉት። ከሁለት ማጉያዎች ልዩነት ይልቅ ይህ ቀለበት የበለጠ ለውጥ ሲያመጣ አይቻለሁ።

ማሰራጫ ሬዲዮም የምትጠቀሙ ከሆነ በማጉያው በኩል በስህተት እንዳታስተላልፉ ማለፊያ ስዊች አብጁ። ሰማዩ ሲጠቁር ደግሞ አንቴናውን ንቀሉ። የማጉያ የመጀመሪያው ትራንዚስተር በመብረቅ ለመሞት ቀጥታ መመታት አያስፈልገውም።

በመጨረሻ እያንዳንዱ ማጉያ ላይ ወረቀት ለጥፉ፦ በራሳችሁ የለካችሁት የማጉላት መጠን፣ የጠቀመበት ባንድና አንቴና፣ የሐሰተኞቹ ብዛት፣ ቀኑ። ባለ 11 ዲቢው ከክቡ አንቴናዬ ጋር ተሰክቶ ቀርቷል። ረጅሙ ሽቦ በባዶው ይሠራል። ባለ 30 ዲቢው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የተለጠፈበት ወረቀት "ከመሸ አትሰካው" ይላል።